ሰው ሲመጣ የሚሠራው ማሞቂያ

በረዶው ከገባ በኋላ በእኛ መንደር ሰው የሚጠያየቀው በጣራ ነው። ጠዋት የወጥ ቤቴን መጋረጃ ስገልጥ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው መንገዱን ተሻግሮ የሜትሮ ቦይቹክ ጭስ ማውጫ ላይ ነው። ነጭ እንፋሎት እየተግተለተለ ከወጣ ሜትሮ ደህና አድሯል፤ እኔም ሻዬን እጥዳለሁ። ካልወጣ ቦት ጫማዬን አጥልቄ መሻገር ነው። እሱም የእኔን እንደዚሁ ያያል። ማኒቶባን በመሰለ በረዷማ አገር፣ ያውም በጥር፣ ማሞቂያው የጠፋበት ቤት ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧው ለመፈንዳት አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ የሚያሰጋው ቧንቧው ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ጣራ ለጣራ መተያየት እኛ ዘንድ ወሬኝነት አይባልም። ወሬኛ የሚሉኝ አሉ፤ እነሱን ተዋቸው።

ሜትሮ ማሞቂያ ሠሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ ቆየ እንጂ ከዚህ እስከ ዳውፊን ከተማ ድረስ ማሞቂያ ተቀምጦበት እሱ ያልወረደበት ምድር ቤት አይገኝም። አሠራሩ ግን የራሱ ነበር። ሲጠሩት ወደ ማሞቂያው አይሮጥም። ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ወጥ ቤት ይገባል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ኬኩን ቀስ ብሎ ያላምጣል፣ ከዚያ ባልና ሚስቱን ተራ በተራ ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ "እሺ፣ ምን ነካክታችኋል?" ይላል።

"ኧረ ምንም!" ይላሉ።

"እሱን ተዉት። ማሞቂያ የገዛ ሽቦውን አይበጥስም። የደበቃችሁትን ንገሩኝና በጊዜ ቤቴ ልግባ።"

ደግሞ አይሳሳትም ነበር፤ የሚያናድደው እሱ ነው! አንድ ጊዜ የቄሳችን ማሞቂያ እየጠፋ እየመጣ አስቸገረ። ቄሱ ምንም አልነካሁም ብለው ማሉ። ሜትሮ ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ፣ "አባ፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎ ይናዘዙ" አላቸው። ለካ ቄሱ ራሳቸው ያወጡትን አረቄ በጀሪካን በጀሪካን አድርገው ማሞቂያው ላይ አስደግፈውት ኖሯል። ጀሪካኑ የማሞቂያውን በር ሲገፋው ከበሩ ሥር ያለችው ማብሪያ ትለቃለች፤ ማሞቂያውም በሬ ተከፈተ ብሎ ይጠፋል። ሜትሮ በሩን አስተካክሎ፣ አንድ ጀሪካን ይዞ ወጣ።

እኔንም አልማረኝም። የፋሲካ ዳቦ ሊጥ እንዲነሳልኝ ብዬ ጎድጓዳ ሳህኑን ማሞቂያው ጎን ሳስጠጋ የራሴን ማሞቂያ በር አጣምሜው ኖሮ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሁሉ "ኔቲ ማሞቂያ ውስጥ ዳቦ ትጋግራለች" እያለ ሲያስቅብኝ ኖረ። የባሌ ቀብር ላይ እንኳ አውርቶታል፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

ይህን ሁሉ ጉራ ችላ የኖረችው ሚስቱ ዩስቲና ናት። ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ጠጉሩ ጥቅልል ያለ፣ ትልቅ ኮሌታ ያለው ጥቁር የጠቦት ቆዳ ካፖርት ነበራት፤ ሜትሮ ገና በወጣትነታቸው የገዛላት። ክብደቱ ለጉድ ነው፤ አንዴ ይዤላት ትከሻዬ ሊወልቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ድንች የታጨቀበት ሊጥ፣ ፒሮሂ፣ ልንሠራ ስንሄድ እሱን ትለብሳለች፣ ቀብር ስትሄድ እሱን ትለብሳለች፣ ከእኔ እንቁላል ልትበደር መንገድ ስትሻገርም እሱኑ ነው።

ባለፈው መስከረም ሞተች። ልጃቸው በርኒስ ከዊኒፔግ መጥታ ቁም ሳጥኑን ባንድ ቀን ባዶ አደረገችው። ክፉ ልጅ ሆና እንዳይመስላችሁ፤ ልብሱን ባየ ቁጥር ይብስበታል ብላ ነው። ሁሉንም ለቤተ ክርስቲያን ሽያጭ አሰናዳችው።

"ካፖርቱስ አባዬ?" አለችው።

"እሱን እኔ ቀድሜ ሰጥቼዋለሁ" አላት።

አመንነው። የሽያጩ ቀን ካፖርቱን አዳራሹን ዞሬ ዞሬ ፈለግሁት፤ እውነት ለመናገር ዓይኔን ጥዬበት ነበር። ሳጣው የቄሱ ሚስት ቀድማኝ ወስዳዋለች ብዬ ቂም ያዝኩባት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እስከ ገና ድረስ ፊቴን አጥቁሬባት ከረምኩ።

የሜትሮ ማሞቂያ መጥፋት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀን ቀን ሜትሮ ሲወጣ ሲገባ ደህና ይሠራል። አመሻሹ ላይ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ቡና ጠጥቶ ተመልሶ፣ የደጁን በረዶ ጠርጎ፣ ጃኬቱን ሰቅሎ አረፍ ሲል ቤቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ይህን ጊዜ ተነስቶ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ደረጃውን ሳይጨርስ ማሞቂያው ቀጭ ብሎ ይነሳል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር ይዞ ፊቱ ሲቆም ምንም እንዳልሆነ ያጉረመርማል። ሜትሮ ያልፈተሸው ነገር የለም። የማቀጣጠያውን ሽቦ ነቅሎ ሰካ፣ አየሩን የሚገፋውን የቬንትሌተሩን ነቅሎ ሰካ፣ ፊውዙን ለወጠ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ሳይቀር ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሁሉም ጤነኛ ነው።

"ይፈራኛል" አለኝ አንድ ቀን።

"ማን?"

"ማሞቂያው ነዋ! ስመጣበት ይነሳል፣ ዘወር ስል ይተኛል።"

"ታዲያ አጠገቡ አልጋህን አንጥፋ" አልኩት፣ ለቀልድ። ለካ ወንበር ወስዶ አጠገቡ ሲያመሽ ሰንብቶ ኖሯል። አንድም ቀን አልጠፋለትም።

በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከርቲስን ጠራው። ከርቲስ ሥራውን የወረሰው ነው፤ ሙያውን ያስተማረው ሜትሮ ራሱ ነው፤ ዛሬ እሱም መላጣ ሆኗል። መጣ፣ ወረደ፣ ፈተሸ፣ ወጣ።

"ጋሼ ሜትሮ፣ ይሄ ማሞቂያ እኮ ከእኔ የተሻለ ጤና አለው።"

"ማታ ማታ ይጠፋል እያልኩህ!"

"እሺ ይጠፋል። እኔ ሳየው ግን አልጠፋም።"

ሌላ ቀን መጥቶ ማቀጣጠያውን ለወጠ። ሌላ ቀን ደግሞ ማሞቂያውን የሚያዘውን የኤሌክትሪክ ካርድ ለወጠ። ማታ ያው ነው። በመጨረሻ የመጣ ቀን እኔም በጎመን የተጠቀለለ ሩዝ ይዤለት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ከርቲስ ቦት ጫማውን አወለቀ፣ በካልሲው ወጥ ቤት ገባ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሜትሮን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ነካክተዋል?" አለው።

የሜትሮ ጆሮ ቀላ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"ምንም" አለ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ምንም አልኩህ! እኔን ነው እንዴ የምትጠይቀው? ይቺን ጥያቄ ያስተማርኩህ እኔ!"

ከርቲስ መሣሪያውን ሰበሰበ። በር ድረስ ስሸኘው በሹክሹክታ፣ "እትዬ ኔቲ፣ ብቸኝነቱ ነው የከበዳቸው መሰለኝ" አለኝ። በማግስቱ ነገሩ ነዳጅ ማደያው ደረሰ። ጠዋት ማታ እዚያ ቡና ይዘው የሚሰየሙት ሽማግሌዎች ተማከሩበት። አንዱ፣ ሰው እንዲመጣለት ብሎ ነው አለ። ሌላው፣ የለም ጭንቅላቱ ነው አለ። ምናልባት ማሞቂያው ቢሆንስ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ዕድሜ ልኩን ያስተማራቸው እሱ ነዋ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰው ነው እያለ።

ሌላም ነገር ነበር። ሜትሮ በሩን መቆለፍ ጀመረ። በእኛ መንደር በር የሚቆልፍ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንፋሎቱን ሳጣ ሮጬ እሄዳለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ ከውስጥ ኮሽታ እሰማለሁ፣ የጋራዡ በር ሲገጭ እሰማለሁ፣ ከዚያ ሜትሮ እያለከለከ ይከፍትልኛል። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ምን እሆናለሁ?" ይለኛል። ቤቱ ይሞቃል፤ ማሞቂያው ያጉረመርማል።

በርኒስ ይህን ሁሉ ሰማች። መጥታ በእንግዳ ክፍል አደረች፣ ተመልሳም መጣች፤ በመጣች ቁጥር ቤቱ ሹራብ ያስወልቃል። ሜትሮ ጆሮውን አቁሞ ይቀመጥና "ቆይ፣ አሁን ይጠፋል" ይላታል። አይጠፋም። እኔን ለብቻዬ ይዛ ጠየቀችኝ።

"እትዬ ኔቲ፣ እርስዎ አይዋሹኝም። ጠፍቶ አይተዋል?"

እኔ ስዋሽ ያየኝ ሰው የለም፤ እሱ ነው ችግሬ። "እንፋሎቱ ሲጠፋ ከቤቴ ሆኜ አያለሁ። ስደርስ ግን ይሠራል" አልኳት።

ከዚያ ለአባቷ ቁርጡን ነገረችው። ማሞቂያው በርግጥ የሚጠፋ ከሆነ አዲስ ታስገባለታለች። ካልጠፋ ግን ችግሩ እሱ ነው ማለት ነው። እስከ ገና ታያለች፤ ከገና በኋላ ዊኒፔግ እሷ ጋ ይገባል፤ ቤቱ ይሸጣል።

"ክፍልህን አሰናድቻለሁ አባዬ። ቤቴ ይሞቃል።"

"እንደሚሞቅማ አውቃለሁ፤ ማሞቂያውን የገጠምኩልሽ እኔ ነኝ" አላት።

ፍርዱን እዩልኝ እንግዲህ! አገሩ ሁሉ ማሞቂያው እንዳይበላሽ ይጸልያል፤ ሜትሮ እንዲበላሽለት ይጸልይ ጀመር። ያውም ሰው እያየ እንዲበላሽ። ያቺን ቤት ሲሠራ ምስማሩን ራሱ መትቶ፣ ሽቦውን ራሱ ዘርግቶ ነው። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሲቆም ከማሳው ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይታየዋል፤ ዩስቲና እዚያ ናት። ዊኒፔግ ሄዶ በመስኮት የሚያየው የሰው ጋራዥ ነው። ይህን አልተናገረም፤ እኔ ግን ጎረቤት ነኝ፣ መስኮቱ ላይ የሚቆምበትን ጊዜ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ያን ጊዜ ለማንም ያልተነፈስኩትን ልንገራችሁ። አንድ አመሻሽ ጭስ ማውጫው ጸጥ አለ። ቦት ጫማዬን እያጠለቅሁ ቀና ስል፣ በሜትሮ ወጥ ቤት መስኮት ዩስቲናን አየኋት። ከነካፖርቷ! ኮሌታዋን አቁማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። አማተብኩ፣ ዓይኔን አሸሁ፣ ወደ ጣራው አየሁ፤ እንፋሎቱ እንደገና ይተግተለተላል። ቦት ጫማዬን አወለቅሁና ቁጭ አልኩ። ለማን ይነገራል ይሄ? በርኒስን "እናትሽን ወጥ ቤት አየኋት" ብላት ሁለታችንንም ነው የምትጭነን። የእኔም ልጅ ካልጋሪ ሆኖ ስለ አረጋውያን ቤት ሲያጠያይቅ ወሬው ደርሶኛል። ዝም ጭጭ አልኩ።

የገና ዋዜማ ደረሰ። የእኛ ገና ማለቴ ነው፤ በአሮጌው አቆጣጠር፣ የእንግሊዞቹ የገና ዛፍ ደጅ ከተጣለ በኋላ የሚመጣው። በርኒስ ከቀትር በፊት ደርሳ የመኪናዋን ሞተር ማሞቂያ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ሰካች፤ ሞተሩ በብርዱ ደርቆ እንዳይቀር። ከኋላ ወንበር አንድ ትልቅ ሻንጣ አወረደች። ሳነሳላት ቀለለኝ፤ ባዶ ነው። ለእሱ ልብስ ነው ያመጣችው። ከርቲስንም ራት የጠራችው እሷ ናት፤ ምስክር መሆኑ ነው።

ጠረጴዛው ተሰናዳ። እንደ ልማዳችን ለግርግሙ ምሳሌ ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር ድርቆሹ ተጎዘጎዘ፣ በማር የተለወሰው የስንዴ ንፍሮ መሃል ላይ ተቀመጠ፣ ሥጋም ወተትም ያልነካው ምግብ ተደረደረ። ለዩስቲና ሳህኗና ማንኪያዋ ተዘረጉላት፣ ወንበሯ ክፍቱን ተተወ። ኮከብ ስትወጣ ጸልየን ተቀመጥን። ማሞቂያው ከታች ያጉረመርማል። ዓሣውን የሚያጣጥም የለም፤ ሁላችንም የምንሰማው ምድር ቤቱን ነው።

"ብሉ እንጂ" አለ ሜትሮ። "አሁን ይጠፋል።"

"አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወው።"

ትንሽ ቆይቶ ማሞቂያው ቀጭ ብሎ ቆመ። ሜትሮ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። "ጠፋ! ይኸው! አላልኳችሁም?"

ከርቲስ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ አየት አደረገ። "ጋሼ፣ ቤቱ ሞቆ ነው የቆመው" አለ፣ በትሕትና። እውነትም ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። ሜትሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ጨዋታ ላመጣ ሞከርኩ፤ የቄሱን ጀሪካን አነሳሁ፤ የሚያስቀው ታሪክ ማንንም ሳያስቅ ቀረ።

የደረቀው ፍራፍሬ ጭማቂ ሲቀርብ በርኒስ እጇን እጁ ላይ አደረገች። "አባዬ፣ ቃላችንን ታስታውሳለህ።"

"አስታውሳለሁ።"

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን። እሺ?"

ሜትሮ ባዶውን ወንበር አየ። ቅስሙ ሲሰበር ፊት ለፊቴ አየሁት፤ ያ ሁሉ ጉራ ከላዩ ላይ ወረደ። "እሺ" አለ። ከዚያ ተነሳና በሸሚዙ ብቻ በኋላ በር ወደ ጋራዡ ወጣ። በርኒስ ልትከተለው ስትል ያዝኳት። ሲመለስ የዩስቲናን ካፖርት በሁለት እጁ ታቅፎታል።

በርኒስ አፏን ከፈተች። "ሰጥቼዋለሁ አላልከኝም?"

"ዋሸሁሽ። ሰው ሲመጣ መኪና ውስጥ እደብቀዋለሁ" አለ። "ዛሬ ግን ሳህኗን ዘርግተንላት ካፖርቷ ብርድ ላይ አያድርም። ነገ የምሄድ ከሆነም ይዤው ነው የምሄደው።"

ከኋላው በር ጋ፣ ወደ ምድር ቤት ከሚያወርደው ደረጃ አናት ላይ፣ የእሱ ጃኬት የተሰቀለበት መስቀያ አለ። ጃኬቱን አንስቶ ካፖርቱን ሰቀለ፤ ጃኬቱን መልሶ ከላይ ደረበበት። በመዳፉ አለሰለሰው።

ከምድር ቤት ቀጭ አለ።

ከርቲስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቬንትሌተሩ ጥቂት ነፍሶ ነፍሶ ዝም አለ።

"ሞቆ ነው?" አልኩ።

ከርቲስ ተነስቶ መቆጣጠሪያውን አየ። "አልሞቀም" አለ። "ገና ይቀረዋል።"

"ጠፋ?" አለ ሜትሮ፣ ፈራ ተባ እያለ። "ጠፋ! በርኒስ፣ ጠፋ እኮ! ሰማሽ? ኔቲ፣ ጠፋ!" እጁን እያጨበጨበ፣ ዕንባው በጉንጩ እየወረደ ወጥ ቤቱን ዞረው። በዚያ ብርድ ማሞቂያው ሞቶበት እንዲህ የፈነጠዘ ሰው አገራችን አይታ አታውቅም።

ከርቲስ ግን በደንብ የተማረ ተማሪ ነው። ወደ መስቀያው ሄደ፣ ጃኬቱንም ካፖርቱንም አነሳ፣ ጠበቀ። ቀጭ። ከታች እሳቱ ተያያዘ። መልሶ ሰቀላቸው። ቀጭ። ጠፋ።

"ጋሼ፣ ይሄን መስቀያ ማን ነው የመታው?"

"እኔ። በመስከረም።"

"በምን?"

"በብሎን።"

"በምን ዓይነት ብሎን?"

"በረጅም! ካፖርቱ ከባድ ነው፤ እንዳይወድቅብኝ ብዬ" አለ ሜትሮ። "ምን አገባህ በብሎኑ?"

"ከግድግዳው ኋላ ምን ያልፋል?"

ሜትሮ ዓይኑን ከመስቀያው እስከ ምድር ቤቱ ደረጃ አወረደ። ከሳሎኑ መቆጣጠሪያ ወደ ማሞቂያው የሚወርደው ሽቦ ነዋ የሚያልፈው። የዘረጋውም ራሱ ነው። ብሎኑ ሽቦውን ግማሹን በልቶታል፤ ካፖርቱና ጃኬቱ አንድ ላይ ሲሰቀሉ ክብደታቸው ብሎኑን ይጎትተዋል፣ ሽቦው ይለያያል፤ ካፖርቱ ሲነሳ ተመልሶ ይነካካል።

"ስለዚህ ሲበርድዎት..." አለ ከርቲስ።

"ካፖርቱን አውርጄ እለብሳለሁ" አለ ሜትሮ፣ ካልሲውን እያየ። "ለብሼው እወርዳለሁ። ምድር ቤት ይበርዳል።"

"እንግዳ ሲመጣ ደግሞ መኪና ውስጥ ነው።"

"መኪና ውስጥ ነው።"

ከርቲስ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ፣ አልቻለም። "ምን ነካክተዋል ብዬ ስጠይቅዎት እኮ..."

"ዝም በል አንተ መላጣ!"

ይህን ጊዜ ነው እኔም ያመለጠኝ። "እኔ ደግሞ ለብሰኸው አይቼህ ዩስቲና ተነሳች ብዬ ነበር!"

"አይተሻል?" ሜትሮ ወደ እኔ ዞረ። "አይተሽ ዝም አልሽ? ያን ጊዜ ብትናገሪ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ይመጣ ነበር?"

"አንተ ዋሽተህ እኔ ልወቀስ? ይቺን ይወዳል!"

በርኒስ ብቻ አልሳቀችም። "ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"ምን ልበልሽ? አባትሽ የእናትሽን ካፖርት ለብሶ ወጥ ቤት ይቀመጣል ልበልሽ? ያኔማ በሻንጣ አትመጪም ነበር፤ በሐኪም ነበር የምትመጪው።"

በርኒስ ወደ መስቀያው ሄዳ ኮሌታውን ያዘች፣ ፊቷን ቀበረችበት፣ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ያን ዕለት ቤቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ካፖርቱን ከመስቀያው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ ሜትሮና ከርቲስ ግድግዳውን ከፍተው ሽቦውን ቀጠሉ፤ መስቀያውንም ከሽቦው አርቀው ወደ ግድግዳው ምሰሶ እንጨት አዛወሩት፣ በአጭር ብሎን። ካፖርቱ በግላጭ ተሰቀለ። ባዶውን ሻንጣ ነጭ ሽንኩርትና የተረፈ ፒሮሂ ሞልተን በርኒስን ሸኘናት። አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ ማታ ማታ ስትደውል እንፋሎቱ መኖሩን እንድነግራት። አንድ ቀን ካጣሁት ተመልሳ ትመጣለች፤ ያኔ ክርክር የለም።

"እርስዎ አይዋሹኝም" አለችኝ እንደገና።

ማሞቂያው ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠም። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው ቀረ። ከርቲስ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም። በርኒስ ስልክ ይበቃታል። ነዳጅ ማደያው ሜትሮ ደህና ነው ብሎ ሌላ ወሬ ያዘ። እኔም እንፋሎቱን ከመስኮቴ አይቼ ሻዬን እጥዳለሁ፤ በጎመን የተጠቀለለውን ሩዝ ለብቻዬ እበላለሁ።

የካቲት ላይ፣ አንድ አመሻሽ፣ ቀና ስል እንፋሎቱ የለም። ጠበቅሁ፤ የለም። ጃኬቴን ደርቤ፣ ከርቲስንም ሜትሮንም ብሎናቸውንም እየረገምኩ ተሻገርኩ። በሩ አልተቆለፈም። ወጥ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ትንፋሼ ይታየኛል። ሜትሮ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮሌታውን አቁሞ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ሻዩ ፊቱ ይጨሳል።

"ተበላሸ?"

"አልተበላሸም።"

"ታዲያ ምነው?"

"አጥፍቼው ነው" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። "ቤቱ ከሞቀ ካፖርቱ ያልበኛል። ትንሽ ቆይቼ አበራዋለሁ።"

የምሰድበው ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ ጅል ሽማግሌ፣ ቧንቧው ቢፈነዳስ፣ ያቺ ልጅ ብትሰማስ ልለው ነው። ሳልጀምር ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። በርኒስ ናት።

"እትዬ ኔቲ፣ እንዴት አመሹ? እንፋሎቱ አለ?"

ሜትሮ አየኝ። ዕድሜ ልኩን በየወጥ ቤቱ ያፋጠጣቸው ሰዎች እሱን የሚያዩት እንደዚያ ነበር።

"አለ" አልኳት። "እየተግተለተለ ነው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ሜትሮ ተነስቶ ሌላ ብርጭቆ አመጣ፣ ሻይ ቀዳልኝ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

"አንድ ቀን መጥታ ምን ነካክታችኋል ብትለንስ?" አለኝ።

"ምንም እንላታለን" አልኩትና ጃኬቴን ሳላወልቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።